ምርትና ስርጭት፦ የ«ቢግ ስታር» የመጀመሪያ ሸክላ ምን ያስተምረናል?

አንድ ሥራ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለምን ከተጠቃሚው ሳይደርስ ይቀራል? ስለ ምርትና ስርጭት በምናስተምርበት ጊዜ ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በእህልና በጨርቅ ምሳሌ አስረድተን እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ ግን ወጣቶች ከሚወዱት ከሙዚቃ ዓለም አንድ ምሳሌ ወስደን ለማብራራት እንሞክራለን። ምሳሌያችንም በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው «ቢግ ስታር» የተባለ ባንድና በ1972 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ነው።

በቅድሚያ ባንዱ ስለሚታወቅበት ስለ «ፓወር ፖፕ» ጥቂት እንበል። በዚህ ስም እ.ኤ.አ. በ1967 የተጠቀመው የእንግሊዙ «ዘ ሁ» ባንድ ጊታር ተጫዋች ፒት ታውንሸንድ ሲሆን፣ የገለጸበትም የራሱን ባንድ ሙዚቃ ነበር። ፓወር ፖፕ በአንድ በኩል በቀላሉ የሚያዝ ዜማና የተቀናጀ የድምፅ ኅብር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጊታርና የከበሮ ምት በአንድ አጭር ዘፈን ውስጥ ተዋሕደው የሚገኙበት የሙዚቃ ዓይነት ነው።

የባንዱ አባላት አራት ነበሩ። ክሪስ ቤልና አሌክስ ቺልተን ጊታር እየተጫወቱ ይዘፍኑ ነበር፤ አንዲ ሃመል ቤዝ ጊታር፣ ጆዲ ስቲቨንስ ደግሞ ድራም ይጫወቱ ነበር። ከእነዚህም መካከል ቺልተን እ.ኤ.አ. በ1967፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ «ቦክስ ቶፕስ» ከተባለ ባንድ ጋር የዘፈነው ዘፈን በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። የባንዱ ስም የተወሰደው በስቱዲዮው አቅራቢያ ከነበረ የምግብ ሸቀጥ መደብር ነው።

ሸክላው የተቀረጸው «አርደንት» በተባለው ስቱዲዮ ነው። የስቱዲዮው መሥራች ጆን ፍራይ ለአካባቢው ወጣቶች የቀረጻን ሙያ አስተምሮ፣ ከመደበኛው ሥራ ውጭ ባለው ሰዓት በመሣሪያዎቹ እንዲጠቀሙ ይፈቅድላቸው ነበር። በዚህም ምክንያት አሥራ ሁለቱ ዘፈኖች በጥንቃቄና በጥራት ተሠሩ። አልበሙም «ቁጥር አንድ ሸክላ» ተብሎ ተሰየመ። የሙዚቃ ሐያስያንም አመሰገኑት።

ታዲያ እንቅፋቱ ምን ነበር? አርደንት አነስተኛ አሳታሚ ስለነበረ ሸክላውን ለገበያ የማቅረቡ ኃላፊነት የ«ስታክስ» ኩባንያ ነበር። ስታክስ ስሙን ያተረፈው በጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሙዚቃ ነው፤ የጊታር ሮክ ለሚወዱ ገዢዎች በማከፋፈል ረገድ ያን ያህል ልምድ አልነበረውም። በሬዲዮ ዘፈኑን ሰምቶ ወደ ሸክላ ቤት የሄደ ሰው ሸክላውን ሳያገኝ ይመለስ ነበር። ቆይቶም ስታክስ የማከፋፈሉን ሥራ ለትልቁ «ኮሎምቢያ» ኩባንያ ሰጠ፤ ይህም ለባንዱ መፍትሔ አላመጣም። በመጀመሪያው ጊዜ የተሸጠው ከ10,000 ቅጂ በታች ነበር።

ውጤቱም ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ ነበር። ለሸክላው መሠራት ብዙ የደከመው ቤል ክፉኛ አዝኖ በ1972 መጨረሻ ከባንዱ ወጣ። በ1978 በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሲሞት በሕይወቱ ለሥራው የሚገባውን ክብር አላየም። የቀሩት ሦስቱ በ1974 ያወጡት ሁለተኛው አልበም፣ «ሬዲዮ ሲቲ»፣ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው።

ሸክላው ግን ጠፍቶ አልቀረም። ጥቂት ሰዎች ለጓደኞቻቸው እያሰሙ አቆዩት። በ1980ዎቹ ዝና ያገኙት እንደ «አር.ኢ.ኤም.» ያሉ ባንዶች ከቢግ ስታር መማራቸውን ተናገሩ። አልበሞቹም እንደገና ታተሙ። ከሸክላው ዘፈኖች አንዱ ደግሞ ከ1998 እስከ 2006 በታየ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መክፈቻ ሆኖ በሌሎች ድምፃውያን ተዘፈነ።

መምህራን ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ እንደሚከተለው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በመጀመሪያ ተማሪዎች ሸክላው ከስቱዲዮ እስከ አድማጭ የተጓዘበትን መንገድ በሥዕል ያሳዩ። ቀጥሎም መንገዱ የተቋረጠበትን ቦታ ያመልክቱ። በመጨረሻም «ያልተሸጠ ሁሉ መጥፎ ነውን?» በሚለው ላይ ይከራከሩ።

እኛም እጩ መምህራንን ስናሠለጥን የምናሳስበው ይህንኑ ነው። በሚገባ የተዘጋጀ ትምህርት መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ተማሪ ካልደረሰ፣ ሸክላ ቤት ሳይገባ መጋዘን እንደቀረ ሸክላ ይቆጠራል። ሸክላው ከዓመታት በኋላ አድማጭ አግኝቷል፤ ተማሪው ግን ያንን ያህል ጊዜ ሊጠብቀን አይችልም።