ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር አለ? ለመስጂድ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት



ሰሞኑን አፍንጮ በር ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ሞተር በቺንጋ ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞው በዲቫይደር በኩል መልሶ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የተረፈው ደግሞ አምስት አምፖል ያበራል። ነዳጅ የለም፤ ከቆጣሪ የመጣ ሽቦም አይታይም። በየሱቁ በር የቤንዚን ጄኔሬተር በሚያጓራበት ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ልብ ይስባል። ወንድማችን ግን ያሳየን ለመደነቅ ብቻ አልነበረም። ገጠር ላለው የትውልድ ቀዬው መስጂድ ይህን ማሽን ለመግዛት ከጀመዓው ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው፤ ገንዘብ ያዡም እሱ ነው። «ይሆናል ወይ?» ብሎ ጠየቀን።

አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣልና።

ሞተር ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ መሽከርከር ይለውጣል። ዲናሞ ደግሞ መሽከርከርን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሁለቱም ለዋጮች ናቸው፤ ከራሳቸው የሚጨምሩት ነገር የለም። ሲለውጡ ደግሞ የተወሰነውን ያባክናሉ፤ ሲሠራ የቆየ ሞተር በእጅ ሲነካ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ጥሩ ሞተርና ጥሩ ዲናሞ እያንዳንዳቸው ከመቶ 90 ያህሉን ያሳልፋሉ እንበል። ለሞተሩ 1000 ዋት ብንሰጠው 900 ለዲናሞው ይደርሳል፤ ዲናሞው 810 ይመልሳል። ያንን 810 መልሰን ለሞተሩ ብንሰጠው በሁለተኛው ዙር 656፣ በሦስተኛው 531 ይሆናል። አንድም አምፖል ሳንሰካ ማለት ነው። ከባድ ብረት ጎማ ቢገጠምለት መቆሚያው ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ጎማው ያጠራቀመው መጀመሪያ ላይ ያስነሳው ሰው የሰጠውን ጉልበት ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ እውነት አለ። ጄኔሬተር በከፊል ራሱን ይመግባል! ኤሌክትሪክ ለማመንጨት መግነጢስ ያስፈልገዋል፤ ያንን መግነጢስ የሚያጠነክረውን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከራሱ ምርት ቀንሶ ይወስዳል። ቬርነር ሲመንስ ይህን አሠራር ለበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1867 ነበር። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆመ ጄኔሬተር ሞተሩ ተነስቶ መብራት ሲከለክል፣ ባለሙያው ለአፍታ ባትሪ አስነክቶ «ይቀሰቅሰዋል»፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው ቢነሳም ይሠራል። ይህን ያየ ሰው «ባትሪ አስነሳው፣ አሁን በራሱ እየሄደ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዘንጉን የሚያዞረው ቤንዚኑ ነው። ቤንዚኑ ሲያልቅ መግነጢሱም መብራቱም አብረው ይጠፋሉ። የመኪና ዲናሞም እንዲሁ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው በነዳጅ ጉልበት ነው።

ሌላው የሚነሳው ሐሳብ ውሃ ነው፤ ከግድቡ የወረደውን ውሃ በፓምፕ መልሶ ወደ ላይ መላክ። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት ቢበዛ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ያንኑ ውሃ ወደ ቦታው ለመመለስ ቢያንስ ያንኑ ያህል ይፈልጋል፣ የፓምፑ ብክነት ሳይቆጠር። በሌላ አገር እንዲህ የሚሠሩ ጣቢያዎች አሉ፤ ከሰጧቸው ከመቶ 70 እስከ 80 ያህሉን ብቻ ነው የሚመልሱት። የሚሠሩትም እንደ ባትሪ ለማጠራቀሚያ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድባችን 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ውሃውን ማንም በነፃ ወደ ደጋው ስለሚያወጣለት ነው፤ ፀሐይ ታተናለች፣ ደመና ይሸከማል፣ ዝናብ ይወርዳል። ከእንጦጦ ወርደው ከተማችንን አቋርጠው ወደ አቃቂ የሚሄዱት ወንዞችም ለአባ ሳሙኤል ግድብ ያደረጉት ይህንኑ ነው። አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ የሚያመነጭ፣ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው።

ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ጉዳይ በሚገባ ያውቁት ነበር። አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ዛሬ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው ዲያርባክር ባጠናቀቀው የብልሃት መሣሪያዎች መጽሐፉ ውስጥ አንድ ውሃ መቅጃ አለ። ላይ ላዩን ሲታይ አንዲት የእንጨት ላም እየዞረች ውሃውን የምታወጣ ይመስላል። እውነተኛው አንቀሳቃሽ ግን ከታች በተሸሸገ ክፍል ውስጥ ወራጅ ውሃ የሚያዞረው መዘውር ነው። አል-ጀዘሪ ግን አላታለለም፤ ምስጢሩን በሥዕል ጭምር አስረድቶ ጽፎታል። የዛሬዎቹ ቪዲዮ ሠሪዎች ላሟን ብቻ ነው የሚያሳዩን።

አሜሪካዊው ቻርለስ ሬድሄፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1813 ኒውዮርክ ላይ በራሱ የሚዞር ማሽን እያሳየ ገንዘብ ያስከፍል ነበር። በእንፋሎት መርከብ ሥራው የታወቀው ሮበርት ፉልተን ሊያይ ገብቶ የማሽኑ አዟዟር አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እንደሚል ልብ አለ። ከግድግዳው ጣውላ ነቅሎ ሲመለከት የጅማት ገመድ አገኘ። ገመዱን ተከትሎ ጣሪያ ስር ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ በአንድ እጁ መዘውር ያዞራል፣ በሌላው ዳቦ ይበላል።

ዛሬ ሽማግሌ አያስፈልግም። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ 100 ዋት አምፖል 12 ሰዓት ያህል ያበራል። በጠረጴዛ እግር ወይም በሳጥን ውስጥ ከተደበቀ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ምንም አያረጋግጥም።

«አላህ የሚሳነው ነገር አለን?» የሚሉ ይኖራሉ። የለም። ነገር ግን ጥያቄው ስለ አላህ ቁድራ ሳይሆን ስለ ሻጩ ሳጥን ነው። ነዳጅ የሚነድበትን፣ ውሃ የሚወርድበትን ሥርዓት በፍጥረቱ ያኖረው እሱ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ነቢይ አይደለም። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር መሸጥና መግዛት በዲናችን ምን እንደሚባል ዑለማዎቻችን ስለ ገረር ሲያስተምሩ ሰምተናል። የሶደቃ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ አማና አለበት።

ለወንድማችን የመከርነው ሙግት እንዳይገጥም ነው። ሻጩን ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቀው፦ ሳጥኑ ተከፍቶ ይታይ፤ ከዚያም እኛ በመረጥነው ባዶ ክፍል፣ ወለሉ ላይ፣ አምፖሎቹ እንደበሩ አንድ ሳምንት ይቆይ። ክፍያው ከዚያ በኋላ። ለአዛን ድምፅ ማጉያና ለጥቂት አምፖሎች የሶላር ሰሌዳና ባትሪ ምን ያህል እንደሚፈጅም ጎን ለጎን እንዲያጣራ ነገርነው። እሱም ፀሐይዋን ይፈልጋል፣ ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ይቀየራል፤ ግን ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ሰው ያየዋል።

በሦስተኛው ቀን ደወለልን። ሻጩ ሳጥኑ እንደማይከፈት፣ ግማሹ ክፍያም አስቀድሞ እንዲገባለት ተናግሯል። ገንዘቡ እስካሁን ከጀመዓው እጅ አልወጣም፤ የመስጂዱ ኮሚቴ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ስለ ሶላሩ ይነጋገራል።