የትንፋሽ ቱቦው ራሱ ኦክስጅን ሲያጥረው

ባለፈው በጋ አክስቴን ልጠይቅ ሮቢት ሄጄ ነበር። ከዓመታት በፊት የያዛት የሳንባ ነቀርሳ በሕክምና ቢድንም ሳንባዋ ላይ ጠባሳ ትቷል። ዛሬ ከጓዳ እስከ ደጅ ስትሄድ ትንፋሽ ያጥራታል። ቡናው እየተፈላ ልጇ ወደ እኔ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ ኩላሊት ይቀየር የለ? በሬዎቹን ሸጠን፣ መሬቱን አከራይተን ሳንባዋን ውጭ አገር ብናስቀይርላትስ?» አለኝ።

እውነት ነው፤ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። የሳንባው ነገር ግን ይከብዳል። በሠለጠነው ዓለም እንኳ ሳንባ ከተቀየረላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ትንንሾቹ የአየር ቱቦዎቻቸው በጠባሳ መጥበብ ይጀምራሉ።

ለምን? ልጁ ገበሬ ነውና በመስኖ አስረዳሁት። ሳንባ ሁለት የደም ቦዮች አሉት። ትልቁ ኦክስጅን ያነሰውን ደም ከልብ ወደ ሳንባ ያመጣል። ትንሹ ደግሞ ኦክስጅን የጠገበ ደም ይዞ የአየር ቱቦዎቹን ግድግዳ ይመግባል። ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ትልቁን ይቀጥላሉ፤ ትንሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ አየር የሚያስተላልፈው ቱቦ ራሱ ኦክስጅን ያጥረዋል።

በዚያ ላይ የሰውነት መከላከያ አዲሱን ሳንባ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የቀሩትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠቃል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች መጀመሪያ የደም ሥሮቹ ጠፍተው፣ ጠባሳው ከዚያ በኋላ ሲከተል ታይቷል። እርግጥ የኦክስጅን እጥረት ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ ኢንፌክሽንም አለበት።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እንግዲያ ጠባሳ ሸሽተን ወደ ጠባሳ ነዋ!» አለ።

«ለአንዳንዱ ሰው ዕድሜ ይቀጥላል» አልኩት፤ «ግን በሬ ከመሸጥ በፊት ሐኪሟን እንጠይቅ።»

ጠየቅን። ለእሷ የሚሆን እንዳልሆነ ተነገረን። በሬዎቹ አልተሸጡም፤ ምድጃው ግን ከቤት ወጥቶ ጓሮ ዳስ ተሠራለት። ጠባሳው ባይጠፋም ጭሱ ቀርቶላታል።

እናንተም ቤት 2 ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ምርመራ አይዘግይ። የነቀርሳ መድኃኒት የጀመረም ሰው ተሻለኝ ብሎ አያቋርጥ፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 6 ወር፣ ይጨርስ። ሳንባ ከተጠበሰ በኋላ መመለሻው ሩቅ ነው።