በሁለቱ የባሕር ዳርቻዎች

የትንሣኤን በዓል የሚያከብር ክርስቲያን የዘፀአትን ታሪክ ሳያነሣ አያልፍም፤ ነገር ግን እስራኤል ከግብፅ ባርነት ለመውጣት የተሻገሩት ባሕረ ኤርትራ ለኢትዮጵያ ልጆች ወደ ባርነት መግቢያ በር ሆኖ እንደ ኖረ፣ ከባሶና ከመተማ ገበያ ተነድተው በምጽዋ በኩል ወደ ጅዳ የተጫኑት ሕፃናት ስንት እንደ ነበሩ በዚያች ዕለት የሚያስብ ሰባኪ እጅግ ጥቂት ነው።

ጅዳ የመካ በር ነበረችና ለሐጅ የሚጎርፈው ሕዝብ ገዢውንም ሻጩንም ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሆላንዳዊው ሊቅ ስኑክ ሑርግሮንየ በ1885 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በመካ ተቀምጦ ያየውን ሲጽፍ የሐበሻ ባሮችን ኑሮ በሰፊው ተርኳል። የቱርክ መንግሥት በ1857 የጥቁር ባሪያን ንግድ ሲከለክል፣ ቀደም ብሎ በመካ የተነሣው ዐመፅ አስፈርቶት፣ መካና ጅዳ የሚገኙበትን ሒጃዝን ከዐዋጁ አውጥቶ ተወ።

ይሁን እንጂ ኃጢአቱን ሁሉ በማዶኛው ዳርቻ ላይ መጣል ከኅሊና መሸሽ ነው። በዘመቻ የማረከው፣ በየኬላው ቀረጥ የተቀበለው፣ በቤቱም ባሪያ ያሳደረው ጌታ ብዙ ጊዜ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ክርስቲያን ነበር፤ ፍትሐ ነገሥቱም ባሪያን ነፃ ማውጣትን በጎ ሥራ አድርጎ ሲያመሰግን ባርነትን ራሱን አልሻረም። እንግዲህ የትንሣኤ በዓል ያለ ንስሐ ቢከበር ግማሹ ይጐድለዋል።

በዚህ በዓል ሊታሰብ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ብጠየቅ ባርነትን የሻረውን ዐዋጅ ያስነገረውን አላስቀድምም። በኢሉባቦር የተወለደው ሒካ በልጅነቱ ተማርኮ ከተሸጠ በኋላ በ1870 በምጽዋ በስዊስ ተወላጁ በሙንዚንገር እጅ ነፃ ወጣ፤ በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅም አናሲሞስ የሚለውን ስም ያዘ፤ ይኸውም ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ የማለደለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። ወደ ዐረብ ምድር ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከብ ያስጣላት አስቴር ጋኖም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሚስዮን ተምራ የአናሲሞስ የሥራ ባልደረባ ሆነች። በ1899 ተፈጽሞ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእነዚህ ሁለት የተሸጡ ልጆች ድካም ፍሬ መሆኑን ሳስብ፣ ከሸጣቸው ወገን የተወለደው ሁሉ ባለዕዳቸው ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1942 ሲሆን፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1962፣ በአልጋ ወራሹ ፈይሰል ዐዋጅ ነው፤ በዚያም ካሣው የተከፈለው ለባለባሮቹ ነበር።

ዛሬ ወደ ጅዳ የሚሻገሩት እህቶቻችን ባሮች አይደሉም፤ ቃሉን በከንቱ መጣል የቀደሙትን መከራ ማቅለል ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋና በዋሷ (በዐረብኛ «ከፊል») ስም የታሰረባት ሠራተኛ ክፉ ጌታ ቢገጥማት በሯ ጠባብ ነው። ለጸሎት እንኳ በሩ ጠባብ ነበር፤ በታኅሣሥ 2011 ለልደት በዓል ዝግጅት በሚሆንበት ወራት፣ በጅዳ በአንድ ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። የተከሰሱበት ነገር ያላገቡ ወንዶችና ሴቶች ያለ ሕግ ተቀላቅለው ተገኙ የሚል ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት ወደ አገራቸው ተባረሩ።