«ወላዋይ» እያልን የምንሰድበው እጩ

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ፖለቲካችን የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ «የእኛ» እና «የእነሱ»። መሃል ላይ የቆመውን ሁለቱም ወገን «ወላዋይ» ይሉታል። ይህ ሰው ከምርጫ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ማወቅ የፈለገ ግን ምዕራብ ሸዋን ይጠይቅ።

ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና የአምቦ አካባቢ ልጅ ናቸው። አቋማቸው ለሁለቱም ጫፍ አይመችም፦ ኦሮሞ ራሱን በራሱ ያስተዳድር፣ ግን በዴሞክራሲያዊትና ፌዴራላዊት ኢትዮጵያ ውስጥ። በ1997 ምርጫ ቅንጅት 109፣ የእሳቸው ኅብረት ደግሞ 52 ወንበር አገኙ። ብዙዎቹ የቅንጅት መሪዎች ፓርላማ አንገባም ሲሉ እሳቸውና ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ገቡ። ለ2002 ምርጫ ደግሞ መድረክ ውስጥ ከአንድነት ፓርቲና ከትግራዩ አረና ጋር አብረው ቆሙ። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሰዎች አብረው ድምፅ ጠየቁ፤ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ኢኮኖሚክስ ስንማር «የመካከለኛው መራጭ» የሚባል ሐሳብ ነበር፤ አንቶኒ ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ይታወቃል። ሁለት ፓርቲዎች የምር ከተፎካከሩ፣ ለማሸነፍ ሲሉ ሁለቱም ወደ መሃል ይጠጋሉ ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው «የምር» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ ሁሉንም። ሳይፎካከር የሚያሸንፍ ፓርቲ ወደ መሃል ለምን ይመጣል?

ታዲያ ቁጣው የት ሄደ? መንገድ ላይ ወጣ። በሚያዝያ 2006 አምቦ ውስጥ ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጡ፤ ሰው ሞተ። በኅዳር 2008 ጊንጪ ተነሳች። መረራ ራሳቸው በኅዳር 2009 ከአውሮፓ ሲመለሱ ታሰሩ፤ የተፈቱት በጥር 2010 ነው። በ2013 ምርጫ ደግሞ ፓርቲያቸው ኦፌኮ አባሎቼ ታስረዋል፣ ቢሮዎቼ ተዘግተዋል ብሎ ከውድድሩ ወጣ። በዚያ ምርጫ የአምቦ መራጭ የኦፌኮን እጩ ወረቀቱ ላይ አላገኘም።

መሃለኛ እጩ ብቻውን ሰላም ያመጣል እያልኩ አይደለም። ለስላሳ መሆንም አይጠበቅበትም፤ የመረራን ምላስ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእሱ ጥቅም ሌላ ነው፦ የተቆጣ ሰው ቁጣውን በካርድ እንዲናገር ያደርጋል፣ የጎረቤቱንም ድምፅ ስለሚፈልግ ጎረቤቱን አይሰድብም።

እናም በሚቀጥለው ምርጫ እጩ ሲመጣላችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «እኔን የማይመስለውን ሰው ድምፅ ለማግኘት ምን ትለዋለህ?» መልስ ከሌለው፣ ወላዋይ ባይባልም ለእናንተ አይሆንም።