የደም ቅዳ ቧንቧ ብግነትና አልትራሳውንድ፦ ከበርሊን እስከ ጅግጅጋ

የደም ቅዳ ቧንቧ ብግነት የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የቧንቧውን ግድግዳ ሲያጠቃ የሚከሰት ሕመም ነው። ግድግዳው ይወፍራል፣ የደም መተላለፊያው ይጠብባል፤ መጨረሻው ዓይነ ስውርነት ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ዋናው ማረጋገጫ ከቧንቧው ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጀርመናዊው ሐኪም ቮልፍጋንግ ሽሚትና ባልደረቦቹ በቀለም ዶፕለር ያዩትን አሳተሙ። በግንባርና በጆሮ መካከል በሚያልፈው ቴምፖራል ቧንቧ ላይ፣ ደሙ በሚፈስበት ቦታ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ተገኘ። ቀለበቱ ያበጠው ግድግዳ ነው፤ ፕሮቡ ተጭኖ የደም ፍሰቱ ቢቋረጥም አይጠፋም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1991 በታካያሱ በሽታ የአንገት ቧንቧ ግድግዳ ዙሪያውን ወፍሮ የታየበት ምስል “የማካሮኒ ምልክት” ተብሎ ነበር። በ2018 የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ሊግ ለቴምፖራሉ ብግነት አልትራሳውንድን የመጀመሪያ የምስል ምርመራ አድርጎ መከረ።

ለጅግጅጋ ግን ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ታካያሱ ነው። የቴምፖራሉ ብግነት ከ50 ዓመት በላይ ያሉትን፣ በተለይም የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ያላቸውን ያጠቃል። ታካያሱ በአብዛኛው ከ40 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ይጀምራል። ከቶጎ ውጫሌ፣ ከአውበሬ ወይም ከቀብሪበያህ ለእርግዝና ክትትል የምትመጣ ወጣት እናት የአንድ እጇ ምት ከደከመ፣ ወይም የሁለቱ ክንዶቿ የደም ግፊት በጉልህ ከተለያየ፣ በዚያው ቀን አንገቷን ማየት ይገባል። ለፅንስ የሚያገለግለው ጠምዛዛ ፕሮብ ግን ለዚህ አይመችም። ድግግሞሹ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ በመሆኑ ጥልቀትን እንጂ የቀጭን ግድግዳን ዝርዝር አያሳይም። ለአንገት ከ7 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ቀጥ ያለ ፕሮብ ያስፈልጋል። ብዙ ማሽኖች ሁለቱንም ፕሮቦች መቀበል ስለሚችሉ፣ ጎዶሎው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ሳይሆን ፕሮቡና የሠለጠነ ዓይን ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ዓይን እንዳይጠፋ ሲባል ፕሬድኒሶሎን ወዲያው መጀመሩ ትክክል ነው፤ ቀለበቱ ግን ሕክምናው ከተጀመረ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወዳለችው አዲስ አበባ ተልኮ ወረፋ የሚጠብቅ ታማሚ፣ ተራው ሲደርስ ምስሉ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳይዘገይ ምስሉ በጅግጅጋ፣ በካራማራ ወይም በሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል፣ ሊነሳ ቢችል ይመረጣል። በታካያሱ የግድግዳው ውፍረት ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ ይህ ችኮላ ያን ያህል አይበረታም፤ እዚያ የሚያዘገየው በሽታው አለመጠርጠሩ ነው።

ምስሉን ሲያነቡ የስብ ክምችት ከብግነት ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ያሻል። የስብ ክምችት ግድግዳውን ወጣ ገባ ያደርገዋል፣ አንዳንዴም ካልሲየም ይታይበታል፤ ብግነት ግን በእኩልነት ያወፍረዋል። በደረት ውስጥ ያለው አኦርታ በአብዛኛው ለአልትራሳውንድ አይታይም፤ በአንገት ላይ ያልተገኘ ምልክትም በሽታው የለም አያሰኝም።