ቢጫና ቀይ ሽቦ

አጎቴ ከጅጅጋ ሐረር በሚሠራበት ሚኒባስ ላይ ቴፕ የቀየረው ለጌጥ አይደለም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ የመኪና ሬዲዮ ኤፍ ኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ የእኛ ጣቢያዎች እስከ 108 ስለሚዘልቁ አብዛኞቹ አይገቡለትም። አዲሱ ቴፕ ዜናውንም ዘፈኑንም አመጣልን። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ግን መኪናው ሰው ሞልቶ ሞተሩ አልነሳ አለ። ባትሪው አልቋል! የመጀመሪያው ተራ ለሌላ ተሰጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቴፑ ጀርባ ጥቁሩ ሽቦ ማሳ ነው። ቢጫው ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች እንዳይረሳ ሁልጊዜ ከባትሪ ያገኛል፤ የሚወስደው ጥቂት ነው። ቀዩ ግን ኃይል ማግኘት ያለበት ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው። የገጠመልን ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ባትሪ ላይ አስሯቸዋል። አጎቴ ደግሞ እንደ ድሮው ድምፁን ቀንሶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ነው የሚወርደው። ቴፑ ሌሊቱን ሲሠራ ያድር ነበር ማለት ነው።

በመኪናው በኩል ቀለም አትመኑ፤ በብዙ ቶዮታዎች ከቁልፍ የሚመጣው ግራጫ ነው። ቁልፍ ተዘግቶም ቴስተር የሚያበራው ለቢጫው፣ ሲዞር ብቻ የሚያበራው ለቀዩ ነው። እኔና አጎቴ ቀዩን ለይተን በናስትሮ ለማሰር ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ፊውዙን ግን እንዳትዘሉት።