ተስፋን በቀብድ መግዛት
የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ምልመላ ዋጋው ንሯል፤ ከፋዩ ደጋፊ ዕቃውን ይረከብ ይሆን?

በአሜሪካ ኒውጀርሲ ግዛት፣ ፒስካታዌይ በተባለች ከተማ የሚገኘው የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ 8 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዛል፡፡ የአዳራሹ ደንበኞች ትዕግሥተኞች ናቸው፡፡ ቡድናቸው በአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ የሆነው በ1976 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ከ1991 በኋላ ደግሞ ወደዚሁ ውድድር ለመመለስ 30 ዓመት ፈጅቶበታል፡፡

በ2023 ያልተለመደ ነገር ሆነ፡፡ በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ተጫዋቾች የደረጃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ከተቀመጡት ወጣቶች ሁለቱ፣ ኤስ ቤይሊና ዲላን ሃርፐር፣ ታላላቆቹን ኮሌጆች ትተው ሩትገርስን መምረጣቸውን አስታወቁ፡፡ ሁለቱም ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አልጨረሱም፡፡ በዚያው የ2023/24 የውድድር ዘመን ቡድኑ 15 ጨዋታ አሸንፎ 17 ተሸነፈ፡፡ ደጋፊው ግን ብዙም አልከፋውም፡፡ ዓይኑ በመጪው ዓመት ላይ ነበርና፡፡

መጪው ዓመት ደረሰ፡፡ ሁለቱ ልጆች መጡ፡፡ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በወጣው የጋዜጠኞች ምርጫ ሩትገርስ ከአገሪቱ 25ኛ ተባለ፡፡ ልጆቹም የተወራላቸውን ያህል ተጫወቱ፡፡ ሃርፐር በአማካይ በጨዋታ ከ19 ነጥብ በላይ፣ ቤይሊ ከ17 ነጥብ በላይ አስቆጠሩ፡፡ የ2024/25 ሒሳብ ሲዘጋ የቡድኑ ውጤት 15 ድልና 17 ሽንፈት ሆነ፡፡ ካለፈው ዓመት ጋር አንድ ዓይነት ነው፡፡ ወደ አገር አቀፉ ውድድርም አልገባም፡፡

በሰኔ 2025 የባለሙያ ክለቦች ማኅበር የሆነው ኤንቢኤ አዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ ሃርፐር በ2ኛ፣ ቤይሊ በ5ኛ ደረጃ ተወሰዱ፡፡ ለወጣቶቹ ዓመቱ የትርፍ ዓመት ነበር፡፡ ተስፋውን ቀድሞ ለገዛው ደጋፊ ግን የተረፈው ያው 15 ለ17 ነው፡፡

ገበያው እንዴት ይሠራል?

የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ምልመላ በማሳ ላይ ያለን ቡቃያ ከመግዛት ጋር ይመሳሰላል፡፡ ገዢው የሚያየው ቅጠሉን ነው፤ ፍሬውን የሚያውቅ የለም፡፡ በአሜሪካ በከፍተኛው ምድብ የሚጫወቱ ከ360 በላይ ኮሌጆች አሉ፡፡ ሁሉም በየዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የሚወጡ ወጣቶችን ይፈልጋሉ፡፡ የደረጃ አውጪ ድርጅቶች ለተጫዋቾቹ ኮከብ ይሰጣሉ፡፡ ባለ 5 ኮከብ የሚባሉት በየዓመቱ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፡፡ ፈላጊው ብዙ፣ ዕቃው ጥቂት በመሆኑ ዋጋው የሚወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፡፡

ልጆቹ ለዕይታ የሚቀርቡት በአብዛኛው በበጋ ወራት፣ የስፖርት ጫማ አምራቾች ገንዘብ በሚያወጡባቸው የወጣቶች ውድድሮች ነው፡፡ አሰልጣኞች አዳራሹ ዳር ተቀምጠው ይመለከታሉ፡፡ ስማቸው በሰንጠረዥ ላይ መስፈር የሚጀምረው ገና በ15 ዓመታቸው ገደማ ነው፡፡ ከዚያ የኮሌጅ ጉብኝት ይከተላል፡፡ ቀጥሎ ልጁ የመረጠውን ኮሌጅ በአደባባይ ያሳውቃል፡፡ ይህ የቃል ስምምነት ግን አስገዳጅነት የለውም፤ ፊርማ እስኪያርፍበት ድረስ ሊፈርስ ይችላል፡፡

በአንድ ዓመት የተመለመሉት ወጣቶች በጥቅሉ እንደ አንድ ክፍል ተቆጥረው የኮሌጁ የዓመቱ ምልምሎች ይባላሉ፤ ክፍሉም እንደ ቡድን ደረጃ ይወጣለታል፡፡ ለደጋፊው ይህ ሰንጠረዥ ሁለተኛው ውድድር ነው፡፡ በዚህ ውድድር ማንም ጨዋታ አይሸነፍም፤ ማንም ጉልበቱን አይጎዳም፡፡ ቡድኑ በክረምቱ ሲሸነፍ የደጋፊው መጽናኛ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ልጆች ናቸው፡፡ እነሱ ሲመጡ ደግሞ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት አሉ፡፡

የቀድሞው ሒሳብ

ይህ ተስፋ በታሪክ ምን ያህል ፍሬ ሰጠ? በ1991 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ አምስት ዝነኛ ወጣቶችን መልምሎ አገሩን አነጋገረ፡፡ አምስቱም በመጀመሪያ ዓመታቸው ቋሚ ተሰላፊ ሆኑ፡፡ በ1992 እና በ1993 ቡድኑ ለዋንጫ ደረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ፡፡ በ2002 ደግሞ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉት የመታሰቢያ ሰንደቆች ወረዱ፡፡ ምክንያቱ ከአምስቱ አንዱ የነበረው ክሪስ ዌበርና በሌሎች ዓመታት የተጫወቱ ሦስት ተጫዋቾች ከአንድ ደጋፊ በድምሩ ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ማግኘታቸው መታወቁ ነበር፡፡

የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብም ትምህርት ይሰጣል፡፡ ኤንቢኤ ከ2006 ጀምሮ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የሚመጡ ወጣቶችን አልቀበልም በማለቱ ምርጦቹ ልጆች ለአንድ ዓመት ኮሌጅ መግባት ጀመሩ፡፡ አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ከ2009 እስከ 2024 ኬንታኪን ሲመሩ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ከሰንጠረዡ አናት የሚቀመጡ ምልምሎችን አመጡ፡፡ በ2012 በአንተኒ ዴቪስ መሪነት ዋንጫ ወሰዱ፡፡ በ2013 ያመጡት ክፍል በታሪክ ተወዳዳሪ የለውም ተባለለት፤ በ2014 ለዋንጫ ደርሶ በኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ 60 ለ54 ተሸነፈ፡፡ በ2015 ቡድናቸው 38 ጨዋታ ያለ ሽንፈት ሄዶ በግማሽ ፍጻሜ ወደቀ፡፡ በ15 ዓመት ቆይታቸው የተገኘው ዋንጫ 1 ነው፡፡ ያውም ገበያው ላይ እንደ እሳቸው ቀንቶት የሚገዛ አልነበረም፡፡

ከጓዳ ወደ አደባባይ

በእነዚያ ዓመታት ሕጋዊው ክፍያ ነጻ የትምህርት ዕድል ብቻ ነበር፡፡ ከዚያ ያለፈው በጓዳ ይካሄድ ነበር፡፡ በመስከረም 2017 የፌዴራል ፖሊስ ረዳት አሰልጣኞችን፣ ደላሎችንና አንድ የስፖርት ጫማ ኩባንያ ኃላፊን በቁጥጥር ሥር አዋለ፡፡ ኃላፊው በ2018 ጥፋተኛ ተባለ፡፡ ከቀረበበት ክስ አንዱ ለአንድ ተጫዋች ቤተሰብ 100 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ማመቻቸቱ ነበር፡፡

አራት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ፡፡ በሰኔ 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤንሲኤኤ የተባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅማ ጥቅሞችን መገደብ አይችልም ሲል 9 ለ0 ወሰነ፡፡ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮም ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፡፡ ወዲያው በየኮሌጁ ዙሪያ ደጋፊዎች የሚያዋጡባቸው ቡድኖች ተቋቋሙ፡፡ ባለጸጋው በሚሊዮን፣ መለስተኛው ደጋፊ በወርኃዊ መዋጮ ገባ፡፡ ቀድሞ ተስፋውን በጩኸት ይገልጽ የነበረው ደጋፊ ቀብድ ከፋይ ሆነ፡፡

በሰኔ 2025 ደግሞ አንዲት የፌዴራል ዳኛ አዲስ ስምምነት አጸደቁ፡፡ በዚህም መሠረት ለቀድሞ ተጫዋቾች 2 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ይከፈላል፡፡ ኮሌጆችም ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፡፡ ለ2025/26 የተወሰነው ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ ስፖርቶች ሁሉ በጠቅላላው 20 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፡፡ ከዚህ ውስጥ የአንበሳውን ድርሻ በአብዛኞቹ ኮሌጆች የአሜሪካ እግር ኳስ ይወስዳል፡፡

ዋጋው የት እንደደረሰ ለማየት በታኅሣሥ 2024 የሆነውን መጥቀስ ይበቃል፡፡ በዕድሜ እኩዮቹ መካከል 1ኛ የተባለው ኤጄ ዲባንሳ በዩታ ግዛት የሚገኘውን ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲን መምረጡን በቴሌቪዥን አስታወቀ፡፡ ጋዜጦች ወጣቱ ከ5 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ሊያገኝ እንደሚችል ጻፉ፡፡ ዩኒቨርሲቲው በዚህ ገበያ ከጥንታውያኑ ገዢዎች የሚቆጠር አልነበረም፡፡

የበሰለ ዕቃ ፈላጊው በዛ

ዋጋው ሲንር የዕቃው ዕድሜ አጠረ፡፡ ቀድሞ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ የሚዛወር ተጫዋች በአብዛኛው አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር፡፡ በጥቅምት 2018 የዝውውር መዝገብ ተከፈተ፡፡ በ2021 አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደ፡፡ በ2024 ደግሞ የቁጥር ገደቡ ተነሣ፡፡ በ2025 የጸደይ ወራት ከ2 ሺህ በላይ ወንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ስማቸውን በዚህ መዝገብ አስገብተዋል፡፡ ከ1964 ጀምሮ ምልምሉን ከኮሌጁ ጋር ያስር የነበረው አገር አቀፍ የፊርማ ሰነድም በጥቅምት 2024 ተሽሯል፡፡

የ2025 ውድድር ይህን ለውጥ ቁልጭ አድርጎ አሳየ፡፡ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የዓመቱን ምርጥ ምልምል ኩፐር ፍላግን ይዞ ቀረበ፡፡ ከእሱ ጋር ሁለት ሌሎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ይሰለፉ ነበር፡፡ ሦስቱም በዚያው ሰኔ በኤንቢኤ ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ገብተዋል፤ ፍላግ 1ኛ ነበር፡፡ ቡድኑ 35 ጊዜ አሸነፈ፡፡ በግማሽ ፍጻሜው ግን መምራቱን ይዞ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ 70 ለ67 ተረታ፡፡

ዋንጫውን ሂውስተንን 65 ለ63 አሸንፎ የወሰደው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው፡፡ ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎቹ አራቱ በዝውውር የመጡ ነበሩ፤ ከአዮና፣ ከፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ከቤልመንትና ከዋሽንግተን ስቴት፡፡ የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ዎልተር ክሌይተን ኮሌጅ የጀመረው በትንሹ አዮና ነበር፡፡ ፍሎሪዳ ያልበሰለ ቡቃያ ከመጠበቅ ይልቅ ሌላው ያበቀለውን፣ ለፍሬ የደረሰውን ገዛ ማለት ነው፡፡

ማን አተረፈ?

በዚህ ገበያ ወጣቱ ተጫዋች ከቀድሞው በላይ ተጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም፡፡ ድካሙ ዋጋ አግኝቷል፤ ክፍያውም ወንጀል መሆኑ ቀርቷል፡፡ ኮሌጆቹና ማኅበራቸውም ቢሆኑ በእጃቸው ትልቅ ውል አለ፡፡ በ2016 የተፈረመው የአገር አቀፉ ውድድር የቴሌቪዥን ውል ማራዘሚያ ብቻውን እስከ 2032 ድረስ 8 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር ያስገኛል፡፡

ጉዳት ያለው ከመሐል ነው፡፡ አሰልጣኝ ዕድሜው 22 ዓመት የሆነና ልምድ ያለው ተጫዋች በዝውውር ማግኘት ከቻለ፣ ባለ 3 ኮከቡን የ18 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ጠብቆ ለማብሰል አይቸኩልም፡፡ ትንንሾቹ ኮሌጆች ደግሞ ኮትኩተው ያሳደጉትን ልጅ ትልቁ ኮሌጅ በጸደይ መጥቶ ይወስድባቸዋል፡፡

ደጋፊውስ? ቀድሞ አንድ ክፍል ሲመለመል በእጁ የአራት ዓመት ተስፋ ነበረው፡፡ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ቢያቅተው በሦስተኛው ይደርሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር፡፡ ዛሬ ምርጡ ልጅ በዓመቱ ወደ ኤንቢኤ ይሄዳል፤ ያልተሳካለት በዓመቱ ወደ ሌላ ኮሌጅ ይሄዳል፡፡ የሁለት ዓመት የወደፊት ምልምል ስም ዝርዝር ይዞ የሚጠብቅ ደጋፊ በእጁ ያለው ነገር ውልም አይደለም፣ ዋስትናም አይደለም፡፡ ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ዓይነት ነው፡፡

ሆኖም ገዢው አልቀነሰም፡፡ ምክንያቱን ከሩትገርስ ሒሳብ ማንበብ ይቻላል፡፡ የ2023/24 እና የ2024/25 ውጤቶች ቁጥራቸው አንድ ይሁን እንጂ ለደጋፊው አንድ ዓይነት ዓመታት አልነበሩም፡፡ በመጀመሪያው 15 ለ17 ላይ የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ በሁለተኛው ላይ አለቀ፡፡ ደጋፊው ገንዘቡን ያወጣው ለድሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዓመታት ኪሳራ ናቸው፡፡ ያወጣው ለመጠበቁ ከሆነ ግን አንደኛው ዓመት ዋጋውን መልሷል፡፡

ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ፡፡ የዓመቱ መግቢያ ትኬት የሚሸጠውና መዋጮው የሚሰበሰበው ልጆቹ አንድም ኳስ ሳይወረውሩ፣ የደረጃ ሰንጠረዡ ትኩስ እያለ ነው፡፡ ውጤቱ የሚታወቀው በመጋቢት ነው፡፡ በመጋቢት ደግሞ የሚቀጥሉት ልጆች ስም ወጥቷል፡፡